የአሳንሰር አገር

ከፈረንሳይዋ ከተማ ከኒስ ወደ ሞናኮ በባቡር ስትሄዱ በስተቀኝ ተቀመጡ። ባሕሩ በዚያ በኩል ነው። መንገዱ 25 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ቪልፍራንሽን አልፎ ዋሻ ይገባል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይገባል። በወጣ ቁጥር ያ ሰማያዊ ውሃ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ድንበር ላይ ፓስፖርት የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔ ግን ይዤ ነው የሄድኩት፤ እናንተም ያዙ።

የሞናኮ ባቡር ጣቢያ ራሱ ተራራው ሆድ ውስጥ ነው። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባቡሩ የሚቆመው እዚያ ነው። መውጫዎቹ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም የሚያወጣው ሌላ ከፍታ ላይ ነው። እኔ ይህን አላወቅኩም። ስልኬ ላይ ወደቡ ቅርብ መሆኑን አይቼ መጀመሪያ ባገኘሁት በር ወጣሁ። ወደቡ እውነትም ቅርብ ነበር፤ ግን ከእግሬ በታች፣ ከፎቆቹ ጣሪያ ባሻገር። ካርታ ዳገት አያሳይም።

ያደግኩት ደሴ ነው። ጦሳ ሥር ያደገ ሰው ዳገት አይፈራም። ቢሆንም በአንድ ቀን ጉብኝት ጉልበቴን ደረጃ ላይ መጨረስ አልፈለግኩም። ዘንቢል ያንጠለጠሉ አንዲት እናት ግራ መጋባቴን አይተው በእጃቸው ወደ አንድ ግድግዳ ጠቆሙኝ። ግድግዳው ላይ በር አለ። ከበሩ በላይ የተጻፈውን ቀስ ብዬ አነበብኩት፤ አሳንሰር ይላል። የእኛው አሳንሰር! ደስ አለኝ። ከፈረንሳይኛ ወስደን የራሳችን ያደረግነው ቃል ነው። ለገሃርም እንደዚያው ነው፤ የጅቡቲው ባቡር ሲመጣ ፈረንሳዮቹ "ላ ጋር" ያሉትን ጣቢያ እኛ ለገሃር አልነው። ከለገሃር ወጥቼ አሳንሰር ገባሁ ማለት ነው።

ሞናኮ ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከእሷ የምታንስ አገር ቫቲካን ብቻ ናት። ጎኗ አጭር ነው፤ የሚያደክመው ቁመቷ ነው። ለዚህ ነው አገሩ በሙሉ በሕዝብ አሳንሰር የተያያዘው። ክፍያ የለውም። ነዋሪውም እንግዳውም እኩል ይጠቀማል። አንዳንዱ መንገድ ዳር ግድግዳ ውስጥ ነው፣ አንዳንዱ መኪና ማቆሚያ ውስጥ። የሚንቀሳቀስ ደረጃም አለ። ስለዚህ ዳገት ሲገጥማችሁ ቆም በሉና ዙሪያችሁን ፈልጉ። ካጣችሁ ሰው ጠይቁ፤ ቃሉን ታውቁታላችሁ።

ወደቡ አጠገብ፣ ላ ኮንዳሚን የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ገበያ አለ። እዚያ ባርባጁዋን በላሁ። የሞናኮ ሰው የሚኮራበት ምግብ ነው። ሊጥ ውስጥ ቆስጣና አይብ ከትተው በዘይት ይጠብሱታል። ስቀምሰው ቆስጣ በአይብ የገባበት ሳምቡሳ ሆነብኝ። ሁለት በልቼ ሦስተኛውን በወረቀት አስጠቀለልኩ።

ወደቡን በእግር ከመዞር የምታሻግር ትንሽ ጀልባ አለች። በኤሌክትሪክ ነው የምትሄደው፤ እንደ አውቶቡስ ትኬት ይቆረጥላታል። ጉዞው ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ግን ከውሃው መሃል ሆናችሁ ቤቶቹ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ቆመው ታያላችሁ። ከቀኑ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ሞንቴ ካርሎ ላይ ብዙም አልቆየሁም። ካሲኖው በር ላይ ሰው ሁሉ የቆመ መኪና ፎቶ ያነሳል። ያ ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞናኮ ግራንድ ፕሪ፣ የዛሬው ፎርሙላ ዋን፣ መኪኖች የሚሽቀዳደሙበት ጎዳና በሌላው ቀን ተራ መንገድ ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ይሄድበታል።

ወደ አሮጌው ከተማ፣ አለቱ ላይ ወዳለው፣ ከመኪና ማቆሚያው በአሳንሰር ወጣሁ። የቤተ መንግሥቱ ዘብ ቅያሪ ለስድስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ስለሆነ አልፎኝ ነበር። የባሕር ሙዚየሙ ግን ቦታው ነው። በ1910 እ.ኤ.አ. የሞናኮው ልዑል ቀዳማዊ አልበርት ያስከፈቱት ነው፤ ገደሉ ላይ ተጣብቆ ከባሕሩ 85 ሜትር ከፍ ብሎ ቆሟል። ከታች ሆኖ ሲታይ አለቱ የት አልቆ ግንቡ የት እንደሚጀምር አይለይም።

ከዚያ በስተ ምዕራብ ወርጄ ፎንቪዬ ደረስኩ። ሰፈሩ ያለው ከባሕር ላይ በተሞላ መሬት ነው። አመጣጤም ለዚሁ ነበር። ሉዊ ሁለተኛ ስታዲየም እዚህ ነው። ሐምሌ 17 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ገንዘቤ ዲባባ 1500 ሜትርን በ3:50.07 የሮጠችበት። ከ1993 ጀምሮ የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች፤ ሁለተኛ የወጣችው አዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰን ነበረች። ክብረ ወሰኑን በ2023 ኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን አሻሽላዋለች። ለእኔ ግን ያ ምሽት ያ ምሽት ነው። ቴሌቪዥን ፊት ቆሜ ጮኼ ነበር።

በሩ ዝግ ነበር። ከውጭ ቅስቶቹ ይታያሉ። መሮጫው የተዘረጋው ከመኪና ማቆሚያ በላይ ነው፤ ቦታ ስለሌለ እዚህ አገር ሁሉም ነገር ሌላ ነገር ላይ ይቆማል። የስልኬን ሰዓት ለ3 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ሞላሁና ግንቡን ተከትዬ በፍጥነት መራመድ ጀመርኩ። እሷ በዚህ ጊዜ ውስጥ አራት ዙር ሊሞላ ሩብ የቀረውን ሮጣለች። ስልኩ ሲጮህ እኔ ስታዲየሙን ግማሽ እንኳ አልዞርኩም ነበር። እዚያው ግንቡ ጥግ ተቀምጬ ሦስተኛውን ባርባጁዋን በላሁ።