ሁለት ቀን በሮም

ለገጣፎ ያለው የአባቴ ቤት ሶሌታ (የኮንክሪት ወለሉ) በተሞላበት ዕለት፣ ሠራተኞቹ «ፌሮ» (የብረት ዘንግ)፣ «ካሳፎርማ» (ኮንክሪት የሚሞላበት ቅርጽ)፣ «አርማታ» እያሉ ሲጯጯሁ ስሰማ፣ ለትምህርት ጣልያን አገር በነበርኩበት ጊዜ ቅዳሜና እሑድን ሮም ለማየት የሄድኩት ጉዞ ትዝ አለኝ። ቦሎኛ በገባሁ ሰሞን ዳቦ እንኳ በወጉ መግዛት የማልችል ሰው፣ ለልምምድ በተወሰድንበት የግንባታ ቦታ ግን ከሚነገረው ግማሹን ያለ አስተርጓሚ እሰማ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግንበኛውም ፌራዮውም በየቀኑ የሚጠራቸው ቃላት ከዚያ የመጡ መሆናቸውን ባውቅም፣ ከባለቤቶቹ አፍ ስሰማቸው፣ የአገሬ ሰው አነጋገራቸውን አበላሽቶ የሚያወራ መስሎኝ መሳቄን አልረሳም።

አባቴ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ሥራ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ሮም ልሄድ መሆኑን በስልክ ስነግራቸው ስለ ቫቲካንም ሆነ ስለ ኮሎሲየም አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

«ባቡር ጣቢያው ጋ ስትደርስ አንበሳችን ቆሞበት የነበረውን ቦታ ፈልገህ እይልኝ» አሉኝ።

«እሺ አባባ፣ ፎቶም አነሳልዎታለሁ።»

«ፎቶው ደግ ነው። አንተ ግን በደንብ እየው።»

ፈጣኑ ባቡር በሁለት ሰዓት አካባቢ የሚያደርሰውን መንገድ፣ የተማሪ ኪስ ስለማይፈቅድ፣ ርካሹን ይዤ ፍሎረንስ ላይ በመቀየር ግማሽ ቀን ፈጀሁበት። ከመሳፈሬ በፊት ትኬቱን በማሽን ማስመታት እንዳለብኝ ባለማወቄም ተቀጣሁ። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ሆኜ በትኬት መቀጣቴን ለአባቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኮሎሲየምን ሰልፍ አይቼ ሕንጻውን ከውጭ ዞሬ ብቻ ተመለስኩ፤ አልቆጨኝም። ሊያልፉት የማይገባው ፓንቴዮን ነው። በንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ዘመን፣ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም የተጠናቀቀው ይህ ሕንጻ፣ ወርዱም ቁመቱም 43 ሜትር የሆነ ክብ ጣሪያ ተሸክሟል፤ በውስጡ ግን አንዲት ዘንግ ፌሮ የለም። እኛ አርማታ የምንለው ቃል ብረት የታጠቀውን ኮንክሪት የሚያመለክት በመሆኑ፣ ፓንቴዮን በእኛው አነጋገር አርማታ አይደለም፤ 1,900 ዓመት ገደማ የቆየ ባዶ ኮንክሪት ነው። ምሥጢሩ በከፊል በክብደት አደላደሉ ላይ ይገኛል። ከታች፣ ግድግዳው ስድስት ሜትር ያህል በሚወፍርበት ቦታ፣ ከባድ ድንጋይ ከትተዋል፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ድንጋዩን እያቀለሉ ሄደው ጫፉ አጠገብ ፑሚስ ተጠቅመዋል። ይህ ፑሚስ ለገጣፎ በየአጥሩ ሥር ተደርድሮ የሚሸጠው ብሎኬት የሚሠራበት ያው በአየር የተሞላ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ማያያዣቸውም ኖራ ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ተቀላቅሎ ሲሆን፣ አመዱ ከኔፕልስ አጠገብ ካለችው ከፖዞሊ ከተማ ስሙን አግኝቶ ፖዞላና ተብሏል። ግንበኛ ሁሉ ፒፒሲ ብሎ የሚጠራው ሲሚንቶ መካከለኛዋ «ፒ» እርሷ ናት።

የጣሪያው አናት ዘጠኝ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክፍት ዓይን ነው። እኔ በገባሁበት ሰዓት ካፊያ ነበርና ዝናቡ በቀጥታ ወደ ውስጥ እየወረደ፣ ጠባቂዎቹ በገመድ በከለሉት የወለሉ መሃል ያርፍ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳይ ወለሉ ከመሃል ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ዳር ያዘቀዘቀ ሲሆን፣ እብነ በረዱ ላይም አውራ ጣት የማያስገቡ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች ነበሩ። በእኛ ሠፈር በረንዳ ሲሠራ ውሃው ወደ ሳሎን እንዳይመለስ የሚሰጠውን ተዳፋት በመርሳት ስንት ጠብ እንደሚነሳ የሚያውቅ ሰው፣ እዚያ ወለል ላይ ተንበርክኮ መቆየቴን አይታዘበኝም።

እሑድ ማለዳ ወደ ተርሚኒ ተመለስኩ። ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ ቦታ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል፤ አምስት መቶ የተባሉትም በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የጣልያን ወታደሮች ናቸው። አውቶቡስ ለመያዝ የሚራወጠው ሕዝብ ስለ ስሙ የሚያስብ አልመሰለኝም። የሟቾቹ መታሰቢያ እንዲሆን የተመረጠው ከግብጽ የመጣ የዳግማዊ ራምሴስ የድንጋይ ዓምድ ነው፤ ቀድሞ ከጣቢያው ፊት ቆሞ ነበር፣ በኋላ በአቅራቢያው ወዳለች ትንሽ የዛፍ ጥላ ቦታ ተዛውሯል። በ1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓሉ ለገሃር የቆመው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ጊዜ ተነቅሎ የመጣው ወደዚህ ዓምድ ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. ሰይፉን የመዘዘውም እዚሁ ነው። አሁን ግን አንበሳው በዚያ መቆየቱን የሚያመለክት ነገር ፈልጌ አላገኘሁም፤ አንድ አዛውንት አግዳሚ ወንበር ላይ ጋዜጣ ተከናንበው ተኝተዋል።

ከዚያ በከተማ ባቡር ቺርኮ ማሲሞ ወርጄ ፖርታ ካፔና አደባባይ ደረስኩ። አሁን የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የሚገኝበት ትልቅ ሕንጻ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ የተጀመረ ነው፤ የአክሱም ሐውልትም በጥቅምት 1930 ዓ.ም. እዚሁ አደባባይ ላይ ተተከለ። 24 ሜትር የሚረዝም፣ 160 ቶን ገደማ የሚመዝን ድንጋይ ተሰባብሮ ከወደቀበት ወደ ምጽዋ በመንገድ፣ ከምጽዋ ወደ ኔፕልስ በመርከብ ማጓጓዝ ቀላል ሥራ እንዳልነበር አልክድም። በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ግን ጣልያን የወሰደችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ተስማምታ ነበር። ሐውልቱ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም የገባው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው፤ 18ቱ ወር 58 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። በሥራ መዘግየት ስሙ የሚነሳው የእኛ ተቋራጭ ይህን ሲሰማ ምን ያህል እንደሚጽናና እገምታለሁ። በመጨረሻም ክፍሎቹ በኬቭላር ዘንጎች ተያይዘው በነሐሴ 2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተመረቀ።

ሐውልቱ ሮም ሳለ ቆሞበት በነበረው አካባቢ ያየሁት ሁለት አጫጭር ጥንታዊ ዓምዶችን ነው፤ ኒውዮርክ ላይ በመንትያዎቹ ሕንጻዎች ጥቃት ለሞቱት ሰዎች መታሰቢያ ናቸው። መኪናው ያለማቋረጥ ይዞራል። ሐዘን ይሰማኛል ብዬ ነበር የሄድኩት፤ የተሰማኝ ግን ዕቃው በሰላም ደርሶ መጋዘኑን ባዶ ያገኘ ሰው ዓይነት እፎይታ ነበር። ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ያለውን የሐበሾቹን ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን፣ አባ ተስፋ ጽዮን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ሲያሳትሙ የኖሩበትን ስፍራ፣ ለማየት ሰዓት አልበቃኝም።

አገር ቤት በገባሁ በሳምንቱ፣ ያኔ ገና አንድ ክፍል ብቻ የነበረው ለገጣፎ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠን የተርሚኒውን ፎቶ አሳየኋቸው። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው፣ ሥዕሉን በሁለት ጣት እያሰፉ ብዙ ቆዩ።

«ፊቱን ወዴት አዙረውት ነበር?» አሉኝ።

«አንበሳው የለምኮ አባባ፣ ድሮ ነው የተመለሰው።»

«እሱንማ አውቃለሁ፤ ለገሃር ስንት ዘመን አብረን ዋልን። እዚያ ሳለ ነው የምልህ። ወደ ባቡሩ ነበር ወይስ ወደ ከተማው?»

ፎቶው ላይ የሚታየው ዓምዱ፣ ጥላው እና ጋዜጣ የተከናነቡት ሰውዬ ብቻ ነበሩ። ስልኩን ሳይመልሱልኝ ቡና ቀረበ።