ማን ይቀጥፋል፣ ማን ይቀጠፋል?

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በእንግሊዝ የተጻፉ የልጆች ምናባዊ ታሪኮችን፣ ዓይኔን በአትክልት ስፍራቸው ላይ ተክዬ ማንበብ ከጀመርኩ ሰነባበትኩ። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ቋጠሮ ስለላላልኝ ላካፍላችሁ።

አጀማመሩ አላስቸገረኝም። በኦስካር ዋይልድ ታሪክ (እ.ኤ.አ. 1888) ራስ ወዳዱ ግዙፍ ልጆቹን አባርሮ ግንብ ሲያጥር፣ በረዶና ውርጭ ከግቢው አንለቅም ይላሉ፤ ልጆቹ በግንቡ ሽንቁር ሾልከው ሲገቡ ዛፎቹ ያብባሉ። በፍጻሜው እጅና እግሩ በችንካር የተወጋ ሕፃን ግዙፉን ወደ ራሱ ገነት ይጠራዋል። ስቅለትን እያሰበ ላደገ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። አለቀስኩና አለፍኩ።

የከበደችኝ የሉዊስ ካሮል አሊስ ናት (1865)። ከአይጥ ጉድጓድ ብዙም በማይሰፋ መተላለፊያ አጮልቃ ደማቅ የአበባ መደቦችና ቀዝቃዛ ፏፏቴዎች ታያለች። ጭንቅላቷ እንኳ በበሩ አያልፍም። ያን ሁሉ ምዕራፍ ስትመኘው ቆይታ በስምንተኛው ስትገባ የሚጠብቃት ግን ሌላ ነው፤ ሦስት የመጫወቻ ካርታ ሰዎች፣ አትክልተኞች፣ ነጭ ጽጌረዳ በቀይ ቀለም ይቀባሉ። ቀይ መትከል ሲገባቸው ነጭ ተክለዋል፤ የካርታዎቹ ንግሥት ካወቀች አንገታቸው ይቀላል። ይህ ምን ዓይነት ገነት ነው?

መልሱን ያገኘሁት የዘመኑን አትክልተኝነት ሳነብ ነው። በእንግሊዝ የመስታወት ቀረጥ በ1845 ከተነሳ በኋላ የመስታወት ቤት በረከሰ ጊዜ፣ በውስጡ ያደጉ ችግኞችን በየወቅቱ እየነቀሉ በሌላ ቀለም መተካት የባለጸጎች ግቢ ፋሽን ሆነ። አበባ በትእዛዝ ቀለም ይቀይር ነበር። የካሮል ቀልድ ብሩሹን መጨመር ብቻ ነው።

ስለዚህ «ጽጌረዳ ፍቅር፣ ሊሊ ንጽሕና» የሚሉትን የምልክት ዝርዝሮች ብትጥሏቸው ይሻላል። በ1871 በወጣው ሁለተኛው የአሊስ መጽሐፍ ታይገር ሊሊ የተባለች ተናጋሪ አበባ፣ ሌላ ቦታ መደቡ ለስላሳ ስለሆነ አበቦች ሁልጊዜ ይተኛሉ ትላለች፤ በእሷ ግቢ ምድሩ ጠንካራ ነውና ነቅተው ሰው ይዘልፋሉ። ንጽሕናው የት አለ? እኔ የምጠይቀው ማን እንደሚቀጥፍና ማን እንደሚቀጠፍ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ አትክልተኞቹን አበባ ማሰሮ ውስጥ ደብቃ ያተረፈችው አሊስ፣ በሁለተኛው የሚንጫጩትን ትንንሽ አበቦች «ዝም ካላላችሁ እቀጥፋችኋለሁ» ትላቸዋለች። የንግሥቲቱን ቋንቋ ለምዳዋለች!

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ስምንተኛ ምዕራፍና በሁለተኛው አበቦቹ የሚናገሩበትን ምዕራፍ አከታትላችሁ አንብቡ። በመሃል ያሉትን ግጥሞች አብዛኛውን ጊዜ እዘላቸዋለሁ፤ እናንተ አትዝለሉ። ብዙ ሰው የሚጀምርበትን «ምስጢራዊው የአትክልት ስፍራ»ን ግን ለኋላ አቆዩት፤ በ1911 የወጣ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ካረፈች ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣ መጽሐፍ ነው።