መውጫውን ሳልማር

አንድ ሳምንት ሙሉ አራት ቦታ የታጠፈች፣ ዓሣ ዓሣ የምትሸት ሃምሳ ብር ይዤ ዞርኩ። የእኔ አልነበረችም። ስለሞተችው፣ እንዲያውም ከነጭራሹ ስላልተወለደችው እህቴ የተሰጠችኝ የለቅሶ ገንዘብ ናት።

በአዘቦት ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ በተከራየናት አዳራሽ ትወና እንማራለን። አንድ ወር ሙሉ በሩሲያዊው የትወና መምህር በስታኒስላቭስኪ የስሜት ትዝታ ዘዴ ስንለፋ ቆየን፤ ያዘንክበትን ቀን ሽታውንና ድምፁን ሳይቀር አስታውሰህ ሐዘኑን መቀስቀስ። እኔ የአያቴን ቀብር ላስታውስ ብዬ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ንፍሮው ነው። ጨው አንሶት ነበር። ጓደኞቼ ሲያለቅሱ እኔ ምራቄን እውጣለሁ። ስታኒስላቭስኪ ራሱ በኋለኛው ዘመኑ ከትዝታ ይልቅ ከአካል ድርጊት መነሣትን እንደመረጠ ስሰማ ሰውየውን ወደድኩት።

የዚያን ቅዳሜ አሰልጣኙ ሌላ ዘዴ አመጣ። ሱዛና ብሎክ የተባለች የቺሊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጀመረችው ነው፤ ትዝታ አይጠይቅም። ስድስት መሠረታዊ ስሜቶች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ አተነፋፈስ፣ አቋምና የፊት ገጽታ አለው። ለሐዘን ትከሻህን ትጥላለህ፣ በአፍንጫህ አየሩን እየቆራረጥክ ትስባለህ፣ ከዚያ አፍህን ከፈት አድርገህ ትለቀዋለህ። ብዙም ሳልቆይ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አያት የለች፣ ንፍሮ የለ!

ይኼኔ አከራዬ ደወሉ። «ውኃ መጥታለች!» የእኛ ሰፈር ውኃ ሳይታሰብ መጥታ ሳትሰናበት የምትሄድ እንግዳ ናት። ያን የሚያህል ሐይቅ አጠገባችን ተንጣሎ ጀሪካን ታቅፈን የምንሯሯጠው ነገር... እሱን ሌላ ቀን። ብድግ ብዬ ስወጣ አሰልጣኙ «ቆይ እንጂ፣ መውጫውን ሳትማር!» አለኝ።

«በሩን አውቀዋለሁ!» አልኩት።

ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ትንፋሼ ግን አዳራሹ ውስጥ የተማረውን አልተወም። አጠገቤ ዓሣ በፌስታል የያዙ እናት ነበሩ። «ምነው ልጄ?» ሲሉኝ «ትምህርት ነው» ልል ሞከርኩ፤ ሳጉ ቃሉን ቆራርጦት «እህ... ት» ብቻ ወጣ።

«እህቱ ናት!» አሉ፤ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ሹፌሩ ሙዚቃውን አጠፋ። «ልጅ ነበራት?» ሲሉኝ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ሌሊት ሌሊት የሚያባንነኝ ይኼ ነው። ማን ነቅንቅ አለኝ? አንድ የሙት ልጅ ጨመርኩበት እኮ!

ስወርድ ሹፌሩ ሒሳብ አልቀበልም አለ። በዚህች ከተማ «ዝርዝር የለኝም» የማይል የባጃጅ ሹፌር ለማግኘት ለካ እህት መግደል ያስፈልጋል። እናትየው ደግሞ ሃምሳዋን ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ወትፈውልኝ ሄዱ። ቤት ስደርስ ውኃዋም ሄዳለች።

ብሯን ላጠፋት አልደፈርኩም። ፀሐይ ላይ አሰጣኋት፤ አልለቅ አለች። መዝገበ ቃላት ውስጥ ከተትኳት፤ ከ«ሐ» እስከ «ሠ» ያለው ቃል ሁሉ ቆሮሶ ቆሮሶ ሸተተ። የአከራዬ ድመት በሬ ላይ ማደር ጀመረች። መሥሪያ ቤት ይዣት ስገባ አለቃዬ መስኮት ከፈቱ። እንደዚያች ብር ከባድ ገንዘብ በሒሳብ ሠራተኛነቴ አልቆጠርኩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መውጫውን ተማርኩ፦ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ሦስት ጊዜ በዝግታና በጥልቀት መተንፈስ፣ ፊትን በሁለት እጅ ማሸት። በቃ፣ ስሜቱ ይለቅሃል። ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ አሰልጣኙ ለምን ከመግቢያው አስቀድሞ እንደማያስተምረው ግን እስካሁን አልገባኝም።

እሑድ ማለዳ ገንዘቡን ልመልስ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወረድኩ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ዕድር ዳኛ ተደርድረው ቆመዋል። እናትየው ዓሣ ሲመርጡ አገኘኋቸው። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ስከፍት «ሕፃኑስ እንዴት ሆነ?» አሉኝ።

አፍንጫዬ አየሩን መቆራረጥ ጀመረ። አሁን ግን መውጫውን አውቃለሁ! ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ተነፈስኩ፤ ከዚያ ሁለት እጄን ወደ ፊቴ ሰደድኩ።

«ኧረ በማርያም፣ ፊትህን አትንጭ!» ብለው ቅርፊት በተለጣጠፈበት እጃቸው ሁለቱን እጆቼን ቀጥ አድርገው ያዙ። መውጫው ተዘጋ። እንባዬ ወረደ።

አሁን መቶ ብር ሆኗል።