አራት ደቂቃ ሠርቶ የሚጠፋ ብርሃን

አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የሙዚቃና የውዝዋዜ አዳራሽ በብርሃን ባለሙያነት ስሠራ፣ የመድረኩ መብራቶች ትእዛዝ የሚቀበሉት በኮምፒውተር ኔትወርክ በኩል ነበር። ቀደም ሲል ሁሉም ነገር ለመድረክ መብራቶች ትእዛዝ በሚያደርሰው በዲኤምኤክስ 512 ገመድ ይሄድ ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ስታንዳርድ በአንድ መስመር ከ512 ቻናል (አንዱ ቻናል እንደ ድምቀት ወይም ቀለም ያለ አንድ ነገር ያዛል) በላይ አይሸከምም፤ አንድ ተንቀሳቃሽ መብራት ግን ብቻውን ሠላሳም አርባም ቻናል ሊወስድ ስለሚችል፣ አዳራሹ አዳዲስ መብራቶችን ባስገባ ቁጥር መብራቶቹ ከሚታዘዙበት ሰሌዳ፣ ከኮንሶሉ፣ እስከ መድረኩ የሚዘረጋው ገመድ እየበዛ ሄደ። በመጨረሻ መረጃው ኤስኤሲኤን በተባለው ፕሮቶኮል በአንድ የኔትወርክ ኬብል ወደ መድረኩ እንዲሄድ፣ መብራቶቹ በተሰቀሉበት ብረት ላይ የታሰሩት ኖድ የሚባሉ መሣሪያዎችም መልሰው ወደ ዲኤምኤክስ እንዲቀይሩት ተደረገ።

ይህ አሠራር ያለ ችግር ከቆየ በኋላ፣ የአዳራሹ አስተዳደር የኔትወርኩን ኬብሎች የሚያገናኘውን ርካሽ አሮጌ ስዊች አንስቶ ብዙ ነገር ሊስተካከልበት የሚችል አዲስ ስዊች አስገባ። ስዊቹ በተተከለበት ዕለት ኖዶቹ በርተው እያንዳንዱ መብራት በየተራ ተፈተሸ፤ ሁሉም በትክክል ስለታዘዘ ፍተሻው ቶሎ አለቀና ኃይሉ ተቋረጠ።

በሙሉው ልምምድ ቀን መብራት ስለሄደ ጄኔሬተር ተነሣ፤ ኖዶቹ እንደበሩም ልምምዱ ወዲያው ተጀመረ። ተወዛዋዦቹ የጉራጌውን ጭፈራ እንደጀመሩ የመድረኩ የኋላ ክፍል በአንድ ጊዜ ጨለመ፤ የፊተኞቹ መብራቶች ደግሞ በነበሩበት ቀለም ደርቀው ቀሩና ኮንሶሉ ላይ ምንም ብንነካ አልታዘዝ አሉ። ግማሹ ጠፍቶ ግማሹ ያለ ትእዛዝ መብራቱ ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች የተገጣጠሙ አስመሰለውና ብዙ ጊዜ አባከነብን። ነገሩ ግን አንድ ነበር፤ በተለያየ ጊዜ ከተገዙት ኖዶች ከፊሎቹ መረጃ ሲቋረጥ እንዲያጠፉ፣ ሌሎቹ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዘው እንዲቆዩ ተደርገው የተስተካከሉ ነበሩ።

ሁሉም ጣቱን የቀሰረው ጄኔሬተሩ ላይ ነበር፤ ቀጥሎ ኬብሉ ተጠረጠረና ተቀየረ። ኖዶቹን አጥፍተን ስናበራቸው ሁሉም ነገር ይመለሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ያው ይደገማል። ነገሩን ዳር ቆመው ሲታዘቡ የነበሩት የአዳራሹ አንጋፋ ኤሌክትሪሺያን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ «ልጄ፣ ኬብል ቢሆን ኖሮ እንዲህ ሰዓት ጠብቆ አይጠፋም ነበር» አሉኝ። ሰዓት ይዘን ስንጠብቅ፣ ኖዶቹ ከበሩ ከአራት ደቂቃ ትንሽ እንዳለፈ ብርሃኑ ተቋረጠ። በዚያች ቅጽበት ዓይኔ ስዊቹ ላይ ነበር፤ ወደ ኖዶቹ በሚሄዱት ቀዳዳዎች ላይ ያለ እረፍት ትርገበገብ የነበረችው አረንጓዴ መብራት አልፎ አልፎ ብቻ ብልጭ ማለት ጀመረች፤ የኮንሶሉ ግን እንደ ቀድሞው ትርገበገብ ነበር። ኮንሶሉ መላኩን አላቆመም፣ ስዊቹ ግን ማስተላለፉን ትቷል ማለት ነው።

ኤስኤሲኤን አብዛኛውን ጊዜ መረጃውን የሚልከው በመልቲካስት ነው፤ ይኸውም ኮንሶሉ ለእያንዳንዱ ኖድ ለየብቻ ሳይሆን በ239.255 ለሚጀምር የጋራ አድራሻ ይልክና፣ መረጃውን የሚፈልግ ኖድ «እኔም አባል ነኝ» ብሎ ይመዘገባል። አሮጌው ስዊች ይህን መለየት ስለማይችል የመጣውን ሁሉ ለሁሉም ይበትን ነበር። አዲሱ ግን አይጂኤምፒ በተባለው ሥርዓት ምዝገባውን እየሰማ ለተመዘገበው ብቻ ያደርሳል። ምዝገባው ደግሞ ዘላቂ አይደለም፤ በኔትወርኩ ላይ በየ125 ሰከንዱ «አሁንም የምትፈልጉ አላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ መሣሪያ ካልኖረ፣ በተለመደው አስተካከል በ260 ሰከንድ ውስጥ ይሰረዛል። የእኛ የብርሃን ኔትወርክ ለብቻው የቆመ፣ ይህን ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ራውተር (ኔትወርኮችን እርስ በርስ የሚያገናኝ መሣሪያ) የሌለው ስለነበረ ጠያቂ አልነበረውም። ኖዱ እንደገና ሲነሣ ራሱ ይመዘገባል፤ ብርሃኑ ለጥቂት ደቂቃ የሚመለሰውም ለዚህ ነው። አንዳንድ ስዊቾች ማንም ያልተመዘገበበትን መረጃ ለሁሉም ስለሚበትኑት ይህ ጉድለት እነሱ ላይ ጨርሶ ላይታይ ይችላል፤ የእኛው ግን እንዲህ ያለውን መረጃ የሚጥል ሆኖ ተገኘ።

መፍትሔው የጠያቂነቱን ሥራ ለራሱ ለስዊቹ መስጠት ነበር፤ በብርሃኑ ኔትወርክ ላይ አድራሻ ተሰጠውና አማራጩ ተከፈተ። ከመካከላችን መልቲካስቱ ቀርቶ ኮንሶሉ ለእያንዳንዱ ኖድ በቀጥታ ይላክ ያሉም ነበሩ። ይህም ይሠራል፤ ሆኖም አንድ ኖድ በተቀየረ ቁጥር ኮንሶሉ ውስጥ ገብቶ አድራሻ ማረም ስለሚጠይቅ፣ በተለይ ትርኢት ሊጀመር ሲል፣ አልወደድኩትም።

ከዚያ በኋላ የቀረው ክርክር ኖዶቹ መረጃ ሲያጡ ምን ያድርጉ የሚለው ነበር። አዘጋጁ ሁሉም ይጥፋ አለ፤ የተሳሳተ ብርሃን ከሚታይ ጨለማ ይሻላል ባይ ነበር። እኔ ግን ተወዛዋዦች በመድረኩ ጠርዝ ላይ እየዘለሉ ድንገት ከሚጨልምባቸው፣ ቀለሙ የተሳሳተም ቢሆን ብርሃን ቢኖራቸው ይሻላል አልኩ፤ ጋሼም ደገፉኝ። ስለዚህ ኖዶቹ በሙሉ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዘው እንዲቆዩ ተደረገ፤ ከዚህ የወጣው የስትሮብ መብራቶቹ ኖድ ብቻ ነው፣ እሱ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ቢቀር ሰው ሄዶ እስኪነቅለው ድረስ ብልጭ ድርግም ማለቱን አያቆምምና።