ሉንግ ታም፦ ልጡ ክር የሚሆንበት መንደር

ከሃኖይ እስከ ሰሜን ቬትናሟ ሃ ዛንግ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሌሊቱ አውቶቡስ ባለ አልጋ ነው፤ አልጋው ግን እግር አያስዘረጋም። ሹፌሩ እንቅልፍ እንዳይጥለው የከፈተው ሙዚቃ ሲያምባርቅ፣ ጉልበቴን አጥፌ ነጋ። መናኸሪያው ላይ አንድ ባለ ሞተር ሉንግ ታም ለማድረስ 600 ሺህ ዶንግ (የቬትናም ገንዘብ) ጠየቀኝ። ሾርባ የምትሸጥ ሴት ሰምታ በቁጣ መለሰችውና ሌላ ልጅ በስልክ ጠራችልኝ፤ በ350 ሺህ ተስማማን። የሾርባዋን ሂሳብም አልቀበልም አለች። በመንገዱ ካየኋቸው የኳን ባ ተራሮች ሁሉ በልጦ በትዝታዬ የቀረው የእሷ ፊት ነው።

የሄድኩት ለሄምፕ ነው። ተክሉ ከካናቢስ ወገን ነው፤ የአካባቢው የህሞንግ ብሔረሰብ ሴቶች የሚዘሩት ግን ለግንዱ ልጥ ነው። አዘራሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ተጠጋግቶ ሲበቅል ቅርንጫፍ ሳያወጣ ወደ ላይ ይመዘዛል፣ ጥላውም አረሙን ያፍነዋል። ቅርንጫፍ ካወጣ ልጡ ሲላጥ እዚያው ላይ ይበጠሳል። ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ፣ ዘር ሳይቋጥር ይታጨዳል። ከዘገየ ይሻክራል። ሲደርቅ ዝናብ ካገኘው ደግሞ ሻጋታ ያጠቁረዋል፣ ይለሰልሳል የተባለው ጭረትም (የልጡ ቃጫ) በእጅ ይቆረጣል።

የደረቀውን ግንድ ከሥሩ ሰብረው ልጡን እስከ ጫፉ ይስቡታል፤ ከዚያ እኩል ስፋት እንዲኖረው በጥፍር ይሰነጥቁትና የላይኛው ቅርፊት እንዲረግፍ ሙቀጫ ውስጥ ይወቅጡታል። እስከዚህ ድረስ የጉልበት ሥራ ነው። ከባዱ ልጡን ጫፍ ለጫፍ መቀጠሉ ነው።

እኛ አገር ባዘቶ እንዝርት ላይ ሲፈተል የጥጡ አጭር ጭረት በመጠምዘዙ ብቻ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ቢበጠስም ጥቂት ባዘቶ ጨምሮ ማስቀጠል ነው። ሄምፕ ግን አስቀድሞ አንድ በአንድ መቀጠል አለበት። አንዲት ባልቴት ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የአንዱን ልጥ ጫፍ ለሁለት ሰነጠቁ፣ የሌላውን ጫፍ መሀሉ አስገቡ፣ ጣታቸውን ውሃ ነክረው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ አሹት። ቋጠሮ የለውም። ቋጠሮ ቢኖረው ድሩ በሽመና ዕቃው ማበጠሪያ ጥርሶች መሀል ሲያልፍ ይይዛል፣ ይበጥሳልም። እሳቸው አንዱን እስኪያጠብቁ እኔ ገና ጫፉን እፈልጋለሁ። ሴቶቹ ይህን ገበያ ሲሄዱም፣ ልጅ አዝለውም፣ ሲያወሩም ይሠሩታል። ቱሪስት ለአንድ የአንገት ልብስ 450 ሺህ ዶንግ ተጠይቆ ሲከራከር ያናደደኝ ለዚህ ነው፤ ዋጋው የእነዚህ ጣቶች ዋጋ ነው።

የተቀጠለው ክር በእግር በሚዞር መንኰራኩር በአንዴ አራት አራት ክር እየሆነ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይጠመዘዛል፤ ከዚያ በአመድ ውሃ ይቀቀላል። አመዱ ጭረቱን እርስ በርሱ ያጣበቀውን ሙጫ ያሟሟል። ካነሰ ክሩ እንደደረቀ ይቀራል፣ ከበዛና ከቆየ ጭረቱ እየተበታተነ ይደክማል። ስለዚህ ያጥቡታል፣ እንደገና ይቀቅሉታል፣ እስኪነጣ ይደጋግሙታል። በፋብሪካ ይህንኑ ሥራ በብዛት የሚሠራው ኮስቲክ ሶዳ የተባለው ጠንካራ ኬሚካል ነው። ሄምፕ «ለአካባቢ ተስማሚ» ሲባል እርሻው በእውነት ብዙ ፀረ ተባይ አይፈልግም፤ ገዥ ግን ሙጫው በምን እንደወጣና ፍሳሹ የት እንደገባ መጠየቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ጨርቁ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ክብ ግንድ ላይ ይጠቀለላል፤ በላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረጋል። ሴትየዋ ድንጋዩ ላይ ቆማ፣ በሁለት እግሯ ግራ ቀኝ እየተወዛወዘች ትዳምጠዋለች። ሰም የተቀባው ጨርቅ ከሥር ሲወጣ ያብለጨልጫል። ይህን ለረጅም ሰዓት ብመለከት አይሰለቸኝም ነበር። ጨርቁ ስለሚነከርበት ሰማያዊ ማቅለሚያ፣ ስለ ኢንዲጎው፣ አጭር ልበል፦ በሰም የተሣለው መስመር ቀለም አይገባበትም፤ ጨርቁ ከጋኑ ሲወጣ አረንጓዴ ነው፣ አየር ሲያገኘው ሰማያዊ ይሆናል።

መንገድ ዳር ተደርድሮ የሚሸጠው ሁሉ ሄምፕ አይደለም። በፋብሪካ የታተመ ጨርቅ በእጅ የተሠራ መስሎ ይሸጣል። ሻጩ ከፈቀደ ከጫፉ አንድ ክር ስቦ ማቃጠል ነው፤ ሄምፕ እንደ ወረቀት ነዶ ግራጫ አመድ ይተዋል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ጥጥም እንደ ሄምፕ ስለሚነድ ሁለተኛው ምርመራ ዓይን ነው፦ በእጅ በተሠራው ላይ ክሩ የተቀጠለበት ቦታ በትንሹ ወፍሮ፣ በተዘበራረቀ ርቀት ይታያል። አዲሱ ጨርቅ ቆርፋዳ ቢሆን አያስደንግጥ፤ በመታጠብ ይለሰልሳል። ኢንዲጎ ያለበት ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፤ በካውያ ሁልጊዜ አንድ እጥፋት ላይ ከተጫኑት ግን ጭረቱ በዚያው መስመር ይሰበራል።

ስመለስ የቀኑን ሚኒባስ ያዝኩ፤ ወንበሩ እግር ያስዘረጋል፣ ክፍያውም ከሌሊቱ ብዙ አይበልጥም።