አባዬ፣ ሳይክሏ እና የምወዳቸው ፊልሞች

"የምትወጂው ፊልም ምንድነው" ስባል ደስ ይለኛል ግን መልሴ ይረዝማል፣ ምክንያቱም እኔ ፊልም የጀመርኩት በጆሮዬ ነው። ልጅ እያለሁ ባህር ዳር ቪዲዮ ቤት የሚገቡት ወንዶቹ ነበሩ፣ ሴት ልጅ እዛ ከታየች ሰፈሩ ምን ይላል ተብሎ እናቴ አትሰማኝም፣ ስለዚህ ታላቅ ወንድሜ የህንዱንም የካራቴውንም አይቶ ይመጣና ማታ መብራት ጠፍቶ ሁላችን ከተኛን በኋላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርክልኛል፣ ዘፈኑን ሁሉ ሳይቀር። አድጌ በራሴ ሳያቸው ከነዛ ውስጥ ብዙዎቹ ወንድሜ እንደነገረኝ አላማሩኝም። አሁንም ፊልም ለብቻዬ አይቼ አልረካም፣ አጠገቤ ሰው ቁጭ ብሎ የሆነ ነገር ሲል ነው ፊልሙ የሚገባኝ።

አንደኛውን ብቻ ጥሪ ካላችሁኝ ግን አላመነታም፣ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 የሰራው የጣሊያኑ "የሳይክል ሌቦች" ነው። ታሪኩ ትንሽ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሮም ውስጥ ስራ አጥቶ የቆየ አንቶኒዮ የሚባል ሰውዬ ፖስተር የመለጠፍ ስራ ያገኛል፣ ስራው ሳይክል ይፈልጋል፣ ሳይክሉ ደግሞ በብድር መያዣ ተሰጥቷል። ሚስቱ ማሪያ የአልጋ አንሶላዎቿን ገፍፋ ጠቅልላ ወስዳ ታስይዝና ሳይክሉን ታስለቅቃለች፣ በመጀመሪያው የስራ ቀን ይሰረቃል። በቃ ከዛ በኋላ አባትና ትንሽ ልጁ ብሩኖ ከተማውን ሲያስሱ ነው የምናየው።

እንግዲህ ይሄን ፊልም ባህር ዳር ላይ ሆኖ ማየት ሌላ ነው። ከተማችን ሜዳ ናት፣ ተማሪው በሳይክል ነው፣ አናጢው በሳይክል ነው፣ ሚስቱን ኋላ አስቀምጦ ቤተስኪያን የሚሄደውም በሳይክል ነው። አባዬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ሲሰራ እድሜውን የተመላለሰው በሳይክል ነው፣ የሌሊት ሺፍት ሲሆን ሊነጋጋ ሲል የካቴናዋን ድምፅ በር ላይ ስሰማ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። በ1994 ዓ.ም አንድ ቅዳሜ ገበያ ገብቶ ጤፍ አስፈጭቶ ሲወጣ የለችም። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ አባዬ ዱቄቱን ተሸክሞ በእግሩ ሲመጣ በር ላይ ቆሜ ያየሁትን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም። በኋላ እናቴ የአንገት ሀብሏን ሸጣ ሌላ ተገዛ።

አባዬ ፊልም ጨርሶ አያውቅም፣ ዜና ካልሆነ ተነስቶ ይወጣል። ባለፈው እሁድ ግን ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ "ይቺ የሳይክል ናት፣ እይማ" አልኩት፣ ሳብታይትሉ እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ እያየሁ እተረጉማለሁ፣ ልክ ወንድሜ ለኔ ያደርግ እንደነበረው። ገበያው ጋ ስንደርስ፣ የአንቶኒዮ ጓደኞች ተከፋፍለው አንዱ ጎማ አንዱ ሌላውን አካል ሲፈልጉ፣ ብሩኖን ፓምፕና ደወል አንተ ተመልከት ሲሉት፣ አባዬ "አዎ ፈታተው ነው የሚሸጧት፣ እኔም ጠጋኞቹ ጋ ፔዳሏን ነበር ስፈልግ የከረምኩት፣ ፔዳሏን አውቀው ነበር" አለ። ፔዳሏን ስለመፈለጉ እኛ ቤት ማንም አያውቅም። ከዛ ደግሞ አንቶኒዮ ተናዶ ልጁን በጥፊ ይመታውና ቆይቶ ምግብ ቤት ይወስደዋል አይደል፣ አባዬ ስክሪኑን እያየ "ስለመታው እኮ ነው የሚያበላው" አለኝ። ልክ ነው፣ እኔ አምስቴ አይቼው ድህነቱንና ምግብ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሀብታም ልጅ ብቻ ነበር ያየሁት፣ ጥፊውን ከምሳው ጋር አላገናኘሁትም።

ዋናውን ሰውዬ የሰራው ላምቤርቶ ማጆራኒ ተዋናይ አልነበረም፣ የፋብሪካ ሰራተኛ ነበር፣ ይሄን ስነግረው አባዬ "እጁን አይቼዋለሁ" ነው ያለኝ። ከፊልሙ በኋላ ወደ ፋብሪካው ሲመለስ ከስራ እንደተቀነሰም ነገርኩት፣ በጣም አዘነ። የአባዬ ፋብሪካ ራሱ ጣሊያን ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሳ የተሰራ ነው፣ እና ያ የሮም ሰራተኛና የባህር ዳሩ አባቴ እንደዛ ፊት ለፊት ሲተያዩ ውስጤ የሆነ ነገር ተላወሰ።

መጨረሻውን ያላያችሁ ይሄን አንቀፅ ዝለሉት። አንቶኒዮ ተስፋ ቆርጦ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ሳይክል ያያል፣ ልጁን ሂድ ብሎ ያባርረውና ራሱ ሊሰርቅ ይነሳል፣ ወዲያው ይያዛል፣ ብሩኖ ደግሞ ሳይሄድ ቀርቶ ሁሉንም ያያል። ርዕሱ በጣሊያንኛው "ሌቦች" ነው የሚለው፣ በብዙ ቁጥር፣ አንዳንድ ቦታ "ሌባ" ብለው ሲተረጉሙት በጣም ይቆጨኛል ምክንያቱም የፊልሙ ነገር ሁሉ እዛች ላይ ነው ያለው። አባዬ እዚህ ጋ ሲደርስ ዝም አለ። ቆይቶ "እኔም በዛ ሰሞን አንዲት ሳይክል አጥር ላይ ተደግፋ ቆሜ አይቻታለሁ፣ ብዙ ነው የቆምኩት፣ ከዛ ሄድኩ" አለ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ያልነገረንን። አባቴን እንዲህ ያናገረ ፊልም እንዴት አንደኛ አይሆንም።

ከሱ ቀጥሎ የኃይሌ ገሪማ "ጤዛ" ነው። ኃይሌ ጎንደር ነው የተወለደው፣ ፊልሙም እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ወስዷል፣ በዓመቱ ዋጋዱጉ በአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫሉ በፌስፓኮ አንደኛ ወጥቷል፣ ግን እኔን የያዘኝ ሽልማቱ ሳይሆን ጣና ነው። ጀርመን ተምሮ አካሉ ጎድሎ የተመለሰው አንበርብር እናቱ መንደር መጥቶ ሐይቁ ዳር ይቀመጣል፣ ምንም አይናገርም፣ ውሃው ብቻ። ልጆቹ ለጦርነት እንዳይታፈሱ ሲደበቁ ያሳያል። ጣናን በስንት ክሊፕ በድሮን ከላይ ከላይ አይቼዋለሁ፣ ሰማያዊ ሆኖ ያምራል፣ ጣና ግን እንደዛ አይደለም። እኛ የምናውቀው ከዳር ነው፣ ደንገሉ ሲንሿሿ፣ ውሃው በክረምት ደፍርሶ ቡኒ ሲሆን፣ ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ሲከብድና ለፀሐይ ሲሰጣ። ኃይሌ ካሜራውን መሬት ላይ ስላስቀመጠልኝ አመሰግነዋለሁ። የቆየውን "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት"ንም እወደዋለሁ፣ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ቶሎ የሚሰለቸው ሰው ይቸገራል፣ ገበሬው ሲያርስ እርሻው እስኪያደክምህ ድረስ ያሳይሃል፣ እኔ ደግሞ ለዛ ነው የምወደው።

የአኪራ ኩሮሳዋን "ሰባቱ ሳሙራይ" (እ.ኤ.አ. 1954) ያየሁት ከወረታ ከመጡት አጎቴ ጋር ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ የሆነ ፊልም ነው፣ ጋሼ መሀል ላይ ትንሽ አሸለቡ፣ መጨረሻ ላይ ገበሬዎቹ እየዘፈኑ ሩዝ ሲተክሉ ግን ቀና አሉ፣ የፎገራ ሰው ናቸዋ። "እኛ እኮ አብዛኛውን እንበትነዋለን፣ እነዚህ አንድ በአንድ በመስመር፣ ወገባቸው!" አሉ። ሳሙራዮቹ፣ ለገበሬዎቹ ብለው ከሽፍታ ጋር የተዋጉት የጃፓን ጦረኞች፣ የተረፉት የጓደኞቻቸው መቃብር ስር ቆመው መሪያቸው ያሸነፉት ገበሬዎቹ ናቸው እኛ አይደለንም ሲል ስተረጉምላቸው "እሱስ ዝናቡ ከመጣ ማን ይቆማል፣ ይዘራል" ብለው ጨረሱት።

በአማርኛ ፊልሞቻችን ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ስለምወዳቸው ነው የምናገረው። ስንቱ ፊልም ላይ ሰው ቪላ ውስጥ ተቀምጦ ያወራል፣ ያለቅሳል፣ መኪና ውስጥ ሆኖ ደግሞ ያወራል፣ ግን ምን ሰርቶ እንደሚበላ አናይም። ዳይሬክተሩ ያሬድ ዘለቀ በ"ላምብ" ፊልሙ አንድ ልጅ ወጥ ሲሰራ ሲያሳየን፣ የሚወዳት በጉ እንዳትታረድበት ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ሲሸጥ፣ በቃ እሱን ልጅ በደንብ አወቅኩት፣ የሚያስበውን ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፊልም ፌስቲቫል ሲገባ ምን ያህል እንደተደሰትኩ ምን ልበላችሁ።

ወደ እሁዱ ልመልሳችሁ። ፊልሙ አልቆ ላፕቶፑን ልዘጋ ስል አባዬ "ልጁስ?" አለኝ። ብሩኖን የሰራው ኤንዞ ስታዮላ አድጎ የሂሳብ አስተማሪ እንደሆነ አንብቤ ስለነበር ነገርኩት። "እሰይ" አለ፣ በጣም ደስ አለው። ከዛ ወደ ጓዳ ዞሮ እናቴን "አንቺ፣ ነይማ፣ ይቺን ነገር እይ" ብሎ ተጣራ፣ እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች መጥታ ቆመች፣ እሱ ወንበሩን ለቀቀላትና "አንሶላው ጋ መልሺው" አለኝ።