ሉፐሱ አልነበረም

ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ ስሠራ፣ ከሐይቅ አካባቢ ለክትትል የምትመጣ፣ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ) ከተገኘባት አራት ዓመት ያለፋት ወጣት ታካሚ ነበረችኝ። በመጀመሪያው ዓመት በሽታው ኩላሊቷን ስላጠቃው ይህን ቁጣ የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ ለወራት በከፍተኛ መጠን ወስዳ ነበር። አንድ የክረምት ጠዋት እያነከሰች ገብታ ግራ ብሽሽቷን እንደሚያማት ስትነግረኝ፣ በሽታው ተነሥቶባታል ብዬ ወዲያው ደመደምኩ።

«ዶክተር፣ የዱሮው ሕመም ጠዋት ጠዋት ጣቶቼን አድርቆ የሚይዘኝ ነበር፤ ይኸኛው ግን ስረግጥና ለሶላት ስቀመጥ ነው የሚወጋኝ» አለችኝ።

እኔ ግን «አብሽሪ፣ መድኃኒቱን ከፍ ሳደርገው ይለቅሻል» ብዬ ፕሬድኒሶሎኑን ከ5 ወደ 40 ሚሊግራም አሳደግሁት።

በሦስተኛው ሳምንት በምርኩዝ መጣች። አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ አስተኝተው እግሯን ወደ ውስጥ ለማዞር ሲሞክሩ በሕመም ጮኸች፤ ራጁም የጭን አጥንቷ ራስ ክብነቱን አጥቶ መሰርጎዱን አሳየ። ለወራት የወሰደችው ስቴሮይድ ለአጥንቱ የሚደርሰውን ደም አሳንሶ አጥንቱ ሞቶ ነበር። ካርዷን መልሼ ሳየው፣ ያን ዕለት ሽንቷ ፕሮቲን አልነበረበትም፤ የደም ሴሎቿ ደህና ነበሩ፤ ሽፍታም የአፍ ቁስለትም የመገጣጠሚያ እብጠትም አልተመዘገበም። በሽታው መንቃቱን የሚያሳይ አንድም ነገር ሳይኖር በሕመሟ ብቻ ፈርጄባታለሁ።

የነቃ ሉፐስ በመድኃኒት ሊበርድ ይችላል፤ ያለፈው ቁጣ ወይም መድኃኒቱ ራሱ ትቶት የሄደው ጉዳት ግን ስቴሮይድ በመጨመር አይመለስም፣ እንዲያውም ይብሳል። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የሉፐስ ጉዳት መለኪያ 12 የአካል ዘርፎችን ሲመዘግብ፣ መንስኤው ሉፐሱ ይሁን ሕክምናው ሳይለይ መቁጠሩ ከዚያ ቀን በፊት ብዙም አሳስቦኝ አያውቅም ነበር። የተገላቢጦሹም ስሕተት እኩል ያስፈራኛል፤ ኩላሊት ላይ የተነሣ ሉፐስ ምንም ሳያም ሊያድር ስለሚችል፣ ደህና ነኝ ያለችኝን ታካሚ ሽንቷን ሳላስመረምር አልሸኝም።

ስቴሮይድ በድንገት ስለማይቋረጥ ፕሬድኒሶሎኑን ደረጃ በደረጃ ቀነስኩላት፤ በሽታውን አብርዶ የሚያቆየውን ሃይድሮክሲክሎሮኪን ግን አልነካሁትም። ለዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ ወደ አዲስ አበባ ተልካ ተራዋን እየጠበቀች ነው። እስከዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰግዳለች።